የክፍያ አውራ ጎዳና ከግል ባለሀብት ጋር እንዴት ይሠራል? ከአዋጭነት ጥናቱ እስከ ርክክቡ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በፍጥነት መንገዱ የሄደ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ካርድ ይቀበላል። ስድስት መስመር ባለው አስፋልት ላይ ይነዳል። ሲወጣ በሄደው ርቀት ልክ ይከፍላል። ታዲያ ብዙ ሰው "ይሄ መንገድ የግል ነው እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው ይህ መንገድ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድርና በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ነው። የሚያስተዳድረውም የመንግሥት ድርጅት ነው። የመንገድ መጠቀሚያ ክፍያ (ቶል) ስለተከፈለበት ብቻ አንድ መንገድ "የመንግሥትና የግል አጋርነት" አይባልም።

አጋርነት የሚባለው ሌላ ነው። አንድ የግል ኩባንያ ገንዘቡን ያፈላልጋል፣ መንገዱን ይሠራል፣ ከዚያ 20 ወይም 30 ዓመት ይጠግናል፣ ያስተዳድራል። በመጨረሻ ለመንግሥት ያስረክባል። ያወጣውን ከነትርፉ የሚመልሰው ከአሽከርካሪው ቶል፣ ከመንግሥት ካዝና ወይም ከሁለቱም ነው። መሬቱም መንገዱም ሁልጊዜ የሕዝብ ነው። ለባለሀብቱ የሚሰጠው የመጠቀም መብት ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሥራውን በቅደም ተከተል ያሳያል። የውጭ አገሮቹ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የመንገድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ከሆኑ ይጠቅምዎታል። ጋዜጠኛ ወይም ቶል ከፋይ ከሆኑም ምን ብለው መጠየቅ እንዳለብዎት ያውቁበታል።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን ናፕኪን ላይ ይሥሩት

አማካሪ ከመቅጠርዎ በፊት፣ ሻይ እየጠጡ፣ ይህን ይሞክሩ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው።

80 ኪሎ ሜትር መንገድ አለን እንበል። ለመሥራት 24 ቢሊዮን ብር ይፈጃል። በቀን 15,000 ተሽከርካሪ ያልፍበታል፣ እያንዳንዱ በአማካይ 150 ብር ይከፍላል። በቀን 2.25 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው። በዓመት 821 ሚሊዮን ብር ገደማ። ከዚህ ላይ ለቶል ሠራተኛ፣ ለመብራት፣ ለጥገና 20 በመቶውን ቀንሱ። 657 ሚሊዮን ይተርፋል።

አሁን ብድሩን እንይ። 24 ቢሊዮኑ በሙሉ በ12 በመቶ ወለድ ቢበደር፣ ወለዱ ብቻ በዓመት 2.88 ቢሊዮን ብር ነው። ቶሉ የወለዱን ሩብ እንኳ አልሸፈነም። ዋናውን ገንዘብማ ጭራሽ አልነካነውም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ግን በታዳጊ አገር የአብዛኛው አውራ ጎዳና እውነት ይህ ነው። መኪናው ጥቂት ነው፣ ወለዱ ከባድ ነው። "የግል ባለሀብት መጥቶ በራሱ ገንዘብ ይሠራልናል፣ መንግሥት አምስት ሳንቲም አያወጣም" የሚባለው ወሬ ይህን ሒሳብ አያልፍም። ባለሀብቱ ገንዘብ ቢያመጣም የሚያመጣው ሊመለስለት ነው። የሚመልሰውም አሽከርካሪው ወይም ግብር ከፋዩ ነው፤ ሦስተኛ ኪስ የለም።

ታዲያ ለምን ይደከማል? ጥሩ ምክንያቶች አሉ። መንገዱን የሚሠራውና ለ25 ዓመት የሚጠግነው አንድ ድርጅት ከሆነ፣ ዛሬ የሚያጭበረብረው አስፋልት ነገ የራሱ ወጪ ይሆናል። ሥራ ሲጓተት ወለዱ የሚቆጥረው በእሱ ላይ ስለሆነ ይቸኩላል። እነዚህን ጥቅሞች በማያስገኝ መንገድ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ከግል ኩባንያ ይልቅ በርካሽ ስለሚበደር በቀጥታ ተበድሮ ቢሠራው ይሻለዋል።

2. መኪናውን ይቁጠሩ፤ ከዚያ ቁጥሩን ይጠራጠሩ

ሁሉም ነገር የሚቆመው በትራፊክ ቆጠራ ላይ ነው። ቆጣሪው ጥላ ሥር ተቀምጦ በወረቀት ላይ ጭረት ይጭራል፤ ሚኒባስ፣ ፒክአፕ፣ አይሱዙ፣ ባለተሳቢ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ግን ቀን ቀን ብቻ ከተቆጠረ ሌሊት የሚጓዘው የጭነት መኪና ይቀራል። በገበያ ቀን ከተቆጠረ ቁጥሩ ያብጣል። በጥቅምትና ኅዳር፣ እህል ሲጫን፣ የሚገኘው ቁጥር ከነሐሴው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ 24 ሰዓት፣ በተለያዩ ወቅቶች ይቆጠር።

ቆጠራው ብቻ አይበቃም። ሹፌሩን አስቁሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከየት ወደ የት ነህ? ምን ጭነሃል? ግማሽ ሰዓት ብታተርፍ ስንት ትከፍላለህ? የነጻው መንገድ ጎን ለጎን ካለ ደግሞ ጥያቄው ይከብዳል። የጭነት ሹፌር ሒሳብ ያውቃል። ቶሉ ከሚያተርፈው ነዳጅና ጊዜ ከበለጠ አሮጌው መንገድ ላይ ይቀራል።

ሜክሲኮ ይህን በውድ ተማረችው። ከ1989 እስከ 1994 (እ.ኤ.አ.) 52 የመንገድ ኮንሴሽኖችን (መንገድ ሠርቶ ለዓመታት ቶል የመሰብሰብ መብቶችን) ሰጠች። ቶሉ እጅግ ውድ ሆነ። ከባድ መኪኖች ነጻውን መንገድ ሙጭጭ አሉ። የተገኘው ትራፊክ ከተተነበየው በታች፣ የግንባታው ወጪ ከታሰበው በላይ ሆነ። በ1994 መጨረሻ ፔሶ ሲወድቅ ሁሉም ነገር ተናደ። በ1997 መንግሥት 23ቱን መልሶ ተረከበ፣ ዕዳቸውንም ተሸከመ። ማለትም ግብር ከፋዩ ከፈለ።

ይህ የሜክሲኮ ችግር ብቻ አይደለም። በተለያዩ አገሮች የቶል መንገዶች ላይ የተደረጉ ማነጻጸሪያዎች እንዳሳዩት በመጀመሪያው ዓመት የሚገኘው ትራፊክ በአማካይ ከትንበያው በሩብ ገደማ ያንሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትንበያውን የሚሠራውም የሚያሠራውም ፕሮጀክቱ እንዲያልፍ ይፈልጋል። እኔ ብሆን አንድ ነገር አደርጋለሁ። አማካሪው ያመጣውን ቁጥር በሩብ ቀንሼ ሒሳቡን እንደገና እሠራለሁ። ከዚያ በኋላም ከቆመ፣ ቀጥል።

3. ሞዴሉን ይምረጡ

እዚህ ብዙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ይወርድብዎታል። አይረበሹ። ልዩነቱ "ማን ይከፍላል? መኪና ባይመጣ የማን ኪሳራ ነው?" የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ንጹሕ የቶል ኮንሴሽን ነው። ኩባንያው ይሠራል፣ ቶል ይሰበስባል፣ ትርፉም ኪሳራውም የእሱ ነው። ለከተማ መግቢያና ለወደብ መስመር ይሆናል።

ሁለተኛው ቶል ላይ የመንግሥት ማሟያ የሚጨመርበት ነው። ሕንድ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ትሠራበታለች። ማዕከላዊው መንግሥት እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ወጪ ይሸፍናል፣ የፕሮጀክቱ ባለቤት መሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላ 20 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ጨረታውን የሚያሸንፈው አነስተኛ ማሟያ የጠየቀ ነው።

ሦስተኛው መንግሥት በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ የተወሰነ ክፍያ የሚከፍልበት ነው። ኩባንያው መኪና ቢበዛም ቢያንስም ግድ የለውም። መንገዱ በጥሩ ሁኔታ ክፍት ከሆነ ይከፈለዋል፣ ካልሆነ ይቆረጥበታል። ሕንድ በ2016 ያስተዋወቀችው ድብልቅ ሞዴል ከዚህ ይወለዳል። በግንባታው ወቅት መንግሥት 40 በመቶውን ይከፍላል፣ ቀሪውን 60 በመቶ ኩባንያው ያመጣና መንገዱ ካለቀ በኋላ በ15 ዓመት ውስጥ ከነወለዱ ይመለስለታል። ቶል ካለ የሚሰበስበው መንግሥት ነው።

አራተኛው ቀድሞ የተሠራ መንገድን ማከራየት ነው። ሕንድ በ2018 ዘጠኝ የተሠሩ መንገዶችን በአንድ ጥቅል ለ30 ዓመት ሰጥታ 9,681 ክሮር ሩፒ በቅድሚያ ተቀብላለች። አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው። በገንዘቡ ሌላ መንገድ ይሠራል።

ለጀማሪ አገር ይህ አራተኛው ይመቸኛል። መንገዱ አለ፣ መኪናው አለ፣ የአሥር ዓመት የቶል ደረሰኝ አለ። ማንም ስለ ትራፊክ አይገምትም። መሥሪያ ቤቱም ውል መምራትን በቀላሉ ይለማመዳል። ይሁንና የሚገኘው ገንዘብ ለሌላ መንገድ መዋሉ በሕግ ካልታሰረ፣ የቤት ዕቃ ሸጦ መብላት ነው የሚሆነው።

አምስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል፤ የጥገና ብቻ ውል። አርጀንቲና በ1990ዎቹ ያለ ቶል ሞክራዋለች። ኮንትራክተሩ መንገዱን ያድሳል፣ ከዚያ ለአምስት ዓመት ያህል ይጠግናል። የሚከፈለው ባፈሰሰው አስፋልት ቶን አይደለም፣ በመንገዱ ሁኔታ ነው። ለገጠር አስፋልት ይህን የሚያህል የለም።

4. ስጋቱን ያከፋፍሉ

የውሉ ልብ ይህ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ስጋት ሊቆጣጠረው ለሚችለው ስጡት። ግንባታ ቢዘገይ የኩባንያው። መሬት ባይለቀቅ የመንግሥት። ሕግ ቢቀየር የመንግሥት። አስፋልቱ ቢሰነጠቅ የኩባንያው። እስከዚህ ማንም አይከራከርም።

ጭቅጭቁ የሚነሳው ሁለት ቦታ ላይ ነው።

አንዱ ትራፊክ ነው። ባለሀብቶች "የተወሰነ ዝቅተኛ ገቢ ዋስትና ስጡን" ይላሉ። መኪና ካልመጣ መንግሥት ልዩነቱን ይከፍላል ማለት ነው። አቢጃን ላይ በታኅሣሥ 2014 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የሄንሪ ኮናን ቤዲዬ ድልድይ እንዲህ ያለ ዋስትና አለው። ውሉ መጀመሪያ የተፈረመው በ1997 ነበር፤ መፈንቅለ መንግሥትና ጦርነት መጥቶ ከአሥር ዓመት በላይ ቆመ። እንዲህ ባለ አገር ያለ ዋስትና ገንዘብ የሚያመጣ የለም፣ ይገባኛል። ግን ዋስትናው ነጻ አይደለም። በጀት ውስጥ አይታይም እንጂ ዕዳ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ይኑረው፣ ከጊዜ ጋር ይቀንስ፣ ትራፊክ ከታሰበው በላይ ሲመጣ ደግሞ መንግሥት ከትርፉ ይካፈል። ቺሊ በ1990ዎቹ ዋስትና ስትሰጥ ትርፉንም የመካፈል አንቀጽ አብራ ታስገባ ነበር።

ኬንያም ከናይሮቢ ወደ ናኩሩና ማው ሰሚት የሚወስደውን መንገድ ለፈረንሳይ ኩባንያዎች ጥምረት በ2020 ፈርማ ሰጥታ ነበር። የትራፊክ ስጋቱ በመንግሥት ላይ መውደቁ ከቅሬታዎቹ አንዱ ሆነ። ዓመታት ተንከባሎ በ2025 ውሉ ተቋረጠ፣ ሥራው ለሌሎች ተሰጠ።

ሁለተኛው የምንዛሪ ተመን ነው። ኩባንያው በዶላር ይበደራል፣ ቶሉን በብር ይሰበስባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 100 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ያለበት ድርጅት 5.7 ቢሊዮን ብር የነበረው ዕዳው ከ10 ቢሊዮን በላይ ሆነ፤ አንድ ተጨማሪ መኪና ሳያልፍለት። ይህን ማን ይሸከም? ቶሉ በዶላር ልክ ይጨምር ካሉ ሚኒባስ ተሳፋሪው ይከፍላል። መንግሥት ይሸፍን ካሉ በጀቱ ይናጋል። ኩባንያው ይቻለው ካሉ መጀመሪያውኑ አይመጣም።

ናይሮቢን እንይ። ከምሎሎንጎ ዌስትላንድስ የሚደርሰው 27 ኪሎ ሜትር የፍጥነት መንገድ በ2022 ተከፈተ። የሠራውና ለ27 ዓመት የሚያስተዳድረው የቻይናው የመንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን ነው። ሲከፈት ለቤት መኪና ከፍተኛው ቶል 360 የኬንያ ሽልንግ ነበር። ሽልንጉ ሲዳከም በጥር 2024 ወደ 500 አደገ። ደመወዝ ግን በዶላር አይከፈልም።

መፍትሔው በተቻለ መጠን ከአገር ውስጥ መበደር ነው። የጡረታ ፈንዶች ረጅም ጊዜ የሚጠብቅ ገንዘብ አላቸው። ያ ካልሞላ የዶላሩ ድርሻ ይነስ፣ የተመኑ ለውጥ እስከዚህ ድረስ በኩባንያው፣ ከዚያ በላይ በጋራ ተብሎ በቁጥር ይጻፍ። "በመልካም ፈቃድ ይደራደራሉ" የሚል አንቀጽ ካዩ እርሳስዎን አንስተው ይሰርዙት።

5. ወሰን ማስከበር ከፊርማው በፊት

መንገድ ዳር የኖረ ሰው "ወሰን ማስከበር" የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ መንገዱ የሚያልፍበትን መሬት ነጻ ማድረግ ነው። ቤቱ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ ጥበቃ ነው። ካሳው ይዘገያል፣ ኤሌክትሪክ ምሰሶው አይነሳም፣ የውሃ ቱቦው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ኮንትራክተሩ ማሽኑን አቁሞ "ለቆምኩበት ክፈሉኝ" ይላል። በአጋርነት ውል ይህ ጥያቄ የበለጠ ይመራል፤ ባንኩም ወለዱን እየቆጠረ ነውና።

ስለዚህ ሕጉ ግልጽ ይሁን። ከመስመሩ አብዛኛው፣ ለምሳሌ 80 በመቶው፣ ጸድቶ ሳይሰጥ ግንባታ የሚጀመርበት ቀን አይቆጠር። ሕንድ ብዙ ፕሮጀክት ከከሸፈባት በኋላ ወደዚህ መጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው።

ዳካር ይህን ክፍል የያዘችበት መንገድ ደህና ነው። ከዳካር ወደ ዲያምኒያዲዮ የሚወስደው የቶል መንገድ ፒኪን በተባለው ጥቅጥቅ ያለ ሠፈር መካከል ያልፋል። የከተማውን ጫፍ መንግሥት ራሱ ሠራ፣ ነዋሪዎችንም ለማስፈር ከከተማ ወጣ ብሎ ቦታ አዘጋጀ። የቀረውን ኢፋዥ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2009 በተፈረመ የ30 ዓመት ውል ሠርቶ በ2013 ከፈተው። ከባዱን የሰው ጉዳይ ለባለሀብት አለመተው ትክክል ነበር።

6. ሕግና ሰው

በኢትዮጵያ መሠረቱ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ነው። ፕሮጀክቱን የሚያጸድቅ ቦርድ አለ። ገንዘብ ሚኒስቴር ውስጥ ጉዳዩን የሚከታተል ክፍል አለ። አዳማ–አዋሽ መስመር ከመጀመሪያዎቹ እጩዎች መካከል ነበር።

ሕጉ ካለ በኋላ የሚጎድለው ሰው ነው። በጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የሚቀመጡት ጠበቆች በሕይወታቸው ሠላሳ ውል የጻፉ ናቸው። ወዲህ ማዶ ያሉት አንድም አልጻፉ ይሆናል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ለድርድሩ አማካሪ ጠበቃና የፋይናንስ ባለሙያ መቅጠር ውድ ነው። አለመቅጠር ግን ለ30 ዓመት ያስከፍላል። ከአማካሪው ጎን የሚቀመጥ፣ ስብሰባ የማያመልጠው የአገር ልጅም ይኑር። አማካሪው ሲሄድ ውሉን የሚያውቅ ሰው ሊቀር ይገባል።

7. ጨረታው በምን ይሸነፍ?

ይህ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ነው። ሜክሲኮ "በአጭር ጊዜ የሚመልስልን ያሸንፋል" አለች። ውጤቱ እጅግ አጭር ኮንሴሽኖችና ሰማይ የነካ ቶል ሆነ። በአጭር ጊዜ ሁሉን ለመመለስ ሌላ ምን አማራጭ አለ?

ቺሊ በ1998 ከሳንቲያጎ ወደ ቫልፓራይሶና ቪኛ ዴል ማር ለሚወስደው መንገድ ሌላ ዘዴ ሞከረች። ተጫራቾች ጊዜ አይጠቅሱም። "በጠቅላላው በዛሬ ዋጋ ይህን ያህል ገቢ ካገኘሁ ይበቃኛል" ይላሉ። አነስተኛውን የጠየቀ ያሸንፋል። መኪና ከበዛ ገንዘቡ ቶሎ ይሞላል፣ መንገዱ ቶሎ ይመለሳል። መኪና ካነሰ ውሉ ይረዝማል። የትራፊክ ጭቅጭቁ በዚህ ይረግባል። መንግሥት ውሉን ቀድሞ ማቋረጥ ቢፈልግም ካሳው ይታወቃል፤ ያልተሰበሰበው ቀሪ ገንዘብ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንዳንዴ ኩባንያ ራሱ ሐሳቡን ይዞ ይመጣል፤ ጥናቱም የእኔ፣ ገንዘቡም የእኔ ይላል። የናይሮቢው የፍጥነት መንገድ የተጀመረው እንዲህ ነው። ሐሳቡን መቀበል ይቻላል። ግን ሌሎች ዋጋ ይስጡበት፣ ባለሐሳቡም የእነሱን ዋጋ አሻሽሎ የማሸነፍ ዕድል ይሰጠው። ያለ ውድድር ዋጋው ትክክል መሆኑን ማንም አያውቅም።

8. የጥገናውን አንቀጽ በቁጥር ይጻፉ

"ኩባንያው መንገዱን በጥሩ ሁኔታ ይጠብቃል።" ይህ ዓረፍተ ነገር ዋጋ የለውም። ጥሩ ማለት ምንድን ነው?

ይልቅ እንዲህ ይጻፍ። ጉድጓድ ከታየ በዚህን ያህል ሰዓት ውስጥ ይደፈን። የመንገዱ ሻካራነት በመለኪያ መኪና በየዓመቱ ይለካ፣ ከዚህ ቁጥር አይለፍ። ስንጥቅ ከዚህ ስፋት ሲያልፍ ይታሸግ። ምልክቶች ማታ በመኪና መብራት ይታዩ። አደጋ ሲደርስ ክሬኑ በዚህን ያህል ደቂቃ ይድረስ። እያንዳንዱ ካልተሟላ ስንት ብር እንደሚቆረጥ በሰንጠረዥ ይቀመጥ።

በእኛ አገር ደግሞ ውሃውን አትርሱ። አስፋልት የሚሞተው በጎማ ብቻ አይደለም። ግንቦት ላይ ቦዩ በአፈርና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ ይገኛል። ሰኔ ሲገባ ውሃው መሄጃ ያጣና መንገዱ ላይ ይተኛል። በቀጭኗ ስንጥቅ ገብቶ ከሥር ያለውን ጠጠር ያላላዋል። መስከረም ሲጠባ ያቺ ስንጥቅ ጉድጓድ ናት። ቦይ መጥረግ በአካፋ የሚሠራ ርካሽ ሥራ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ "ከሰኔ 1 በፊት ቦይና ቱቦዎች በሙሉ ይጸዱ፣ ፎቶ ይቅረብ" የምትል አንዲት መስመር ትግባ።

ቀጥሎ ሚዛን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ሙከራ የተገኘ ሕግ አለ። መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት በግምት አክስሉ (ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) በተሸከመው ክብደት አራተኛ ኃይል ያድጋል። በአማርኛ ይሁን። 10 ቶን የተፈቀደለት አክስል 12 ቶን ከጫነ ጉዳቱ እጥፍ ነው። 15 ቶን ከጫነ አምስት እጥፍ። 20 ቶን ከሆነ 16 እጥፍ። ባለ ሲኖትራኩ "ትንሽ ጨመርኩ" ሲል ለ20 ዓመት የተሠራ መንገድ በአሥር ዓመት ያልቃል። ስለዚህ ሚዛን ጣቢያው የማን ነው? የሚቀጣውስ ማን ነው? የግል ኩባንያ ሹፌርን መቅጣት አይችልም። መንግሥት የማይቀጣ ከሆነ ኩባንያው "መንገዱን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ" ብሎ ካሳ ይጠይቃል፣ ያሸንፋልም።

9. ብድሩ የሚለቀቅበት ቀን

ውል ተፈረመ ማለት ገንዘብ መጣ ማለት አይደለም። በፊርማውና ባንኮች ብድሩን በሚለቁበት ቀን መካከል አንድ ዓመት፣ አንዳንዴ ሁለት ይሄዳል። ለፖለቲካ ስጋት የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው የብዝኃ ወገን ኢንቨስትመንት ዋስትና ተቋም መድን ይሰጣል። ውሉ ላይ ቀነ ገደብ ይኑር። በዚያ ቀን ገንዘብ ያላመጣ ኩባንያ ያስያዘው የዋስትና ገንዘብ ተወርሶ ይሰናበት። አለበለዚያ ካርታ ይዞ ለዓመታት የሚቀመጥ ይበዛል።

10. ቶሉን ለሕዝቡ ያስረዱ

ብዙ ፕሮጀክት የሚወድቀው እዚህ ነው። ሰው በነጻ ይሄድበት የነበረውን መንገድ አጥሮ ክፈል ማለት ያስቆጣል። ነጻ አማራጭ መንገድ ይኑር፣ እሱም ይጠገን። በመስመሩ ላይ ለሚኖሩ ሰዎችና ለሕዝብ ማመላለሻ ቅናሽ ይደረግ። ከደቡብ አፍሪካ ወደ ማፑቶ የሚወስደው መንገድ በ1997 ለ30 ዓመት በኮንሴሽን ሲሰጥ ሀብታሙ የደቡብ አፍሪካ ጎን ለሞዛምቢኩ ጎን እንዲደጉም ተደርጎ ነበር፤ ለአካባቢው ተጠቃሚም ቅናሽ አለ።

ዳካር ላይ በ2018 ቁጣው የፈነዳው በቶሉ ብቻ አልነበረም። ከብቶች መንገዱ ላይ እየገቡ ሰው በአደጋ ሞተ። ሕዝቡ "ይህን ያህል እየከፈልን አጥር እንኳ የለም?" አለ። በዚያው ዓመት ቶሉ ተቀነሰ። በ2021 ደግሞ ውሉ እንደገና ተደራድሮ መንግሥት በኩባንያው ውስጥ 25 በመቶ ድርሻ ያዘ። አጥር ቀላል ነገር ነው። ሰው የሚከፍልበትን ነገር የሚለካው ግን በእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ውሉንም ያውጡት። ዋናው ሰነድ፣ የቶሉ ቀመርና የዋስትናው መጠን ለሕዝብ ይፋ ይሁን። "የንግድ ምስጢር ነው" የሚለውን መልስ እኔ አልቀበለውም። ከፋዩ እኔ ነኝና።

11. ድጋሚ ድርድሩን ይጠብቁት

የዓለም ባንክ በ2004 ባወጣው ጥናት በላቲን አሜሪካና ካሪቢያን ከ1,000 በላይ ኮንሴሽኖች ታይተዋል። ከትራንስፖርት ውሎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንደገና ተደራድረዋል፤ ያውም በተፈረሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ። አንዳንዱ ትክክለኛ ምክንያት ነበረው። አንዳንዱ ግን ስልት ነው። በርካሽ ዋጋ ይገባሉ፣ ማሽኑ ከቆመ በኋላ "አልቻልንም" ይላሉ። ሌላው ተጫራች በዚያን ጊዜ አገር ቤቱ ገብቷል፤ የሚወዳደራቸው የለም።

መከላከያው ሁለት ነው። እጅግ ርካሽ ዋጋ ሲመጣ አይደሰቱ፣ ይመርምሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወይም አምስት ዓመታት ከተዘረዘሩ ምክንያቶች ውጭ ድርድር እንዳይከፈት ይከልክሉ። የተከፈተም እንደሆነ ገለልተኛ ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ ይመልከተው፣ የተስማሙበትም ይታተም።

12. ርክክቡ ከመድረሱ አምስት ዓመት በፊት

ቤት የሚለቅ ተከራይ በመጨረሻው ወር ቀለም አይቀባም። ኮንሴሽንም እንዲሁ ነው። ውሉ ሊያልቅ ሦስት ዓመት ሲቀረው ኩባንያው ወፍራም የአስፋልት ንጣፍ ለማልበስ ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም። ጉድጓዱን ይደፍናል፣ ሥሩን ይተወዋል።

ስለዚህ ከማብቂያው አምስት ዓመት በፊት ገለልተኛ መሐንዲስ መንገዱን ይመርምር። ናሙና ተቆፍሮ ይውጣ፣ ድልድዮቹ አንድ በአንድ ይታዩ። ሊታደስ የሚገባው ተዘርዝሮ ዋጋ ይውጣለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከየወሩ ቶል ላይ የተወሰነው በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ኩባንያው ሥራውን ሲሠራ ይለቀቅለት፣ ካልሠራ መንግሥት በገንዘቡ ያሠራበት። መንገዱ ሲመለስ ቢያንስ ለአሥር ዓመት ተጨማሪ ዕድሜ ያለው ይሁን ብሎ ውሉ ላይ መጻፍ ይቻላል። የቶል ሶፍትዌሩ የይለፍ ቃል፣ የድልድዮቹ ሥዕል፣ የ30 ዓመት የጥገና መዝገብም አብረው ይምጡ። ሠራተኞቹ ወዴት እንደሚሄዱም አስቀድሞ ይወሰን፤ ቶል ጎጆው ውስጥ ያለችው ልጅ ያን ዕለት ማለዳም ካርድ መስጠት አለባት።